አዋሽ ላይ የጸዱት ሃያ ዓሦች

የባሕርን ሕይወት ለማጥናት በድኅረ ምረቃ ስመዘገብ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ያየሁት ትልቁ ወራጅ ውኃ የአቃቂ ወንዝ ነው፤ እሱም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በዕለቱ እንደሚያቀልመው ክር አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ሰፈራችን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነው፤ እናቴ ፋብሪካው ውስጥ ክር ታጠነጥናለች። የሰፈራችን ልጆች ነርስና አስተማሪ ሲሆኑ እኔ ዓሣ ላጠና እንደሆነ የተሰማ ጊዜ፣ የቧንቧው ሰልፍ ወሬ ሦስት ቀን ሙሉ እኔው ነበርኩ።

"አንቺ፣ እውነት ነው የሚሉት?" አለችኝ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ባልዲዋን እንዳንጠለጠለች። "አራት ዓመት ተምረሽ፣ ተመርቀሽ፣ እንደገና ለዓሣ?"

"ለባሕር ዓሣ ነው፣ እትዬ።"

"እሱማ ባሰ! የሐይቁን ቢሆን ቢሾፍቱ አለልሽ። ባሕሩን ከየት ልታመጪው ነው?"

"ባቡሩ ከባሕር አይደል የሚመጣው?" አልኳት። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ትምህርቱን የመረጥኩት በእርግጥ በባቡሩ ምክንያት ነው። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ፣ በባቡሩ የመጨረሻ ፉርጎ ዕቃ እየጠበቁ የሚጓዙ የአባቴ ጓደኛ አንድ ነጭ ቀንድ አውጣ የሚመስል የባሕር ቅርፊት ሰጡኝ። "ማን ነበር የሚኖርበት?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ባለቤቱን አላገኘሁትም፤ ቤቱን ክፍት አገኘሁትና አመጣሁልሽ" አሉኝ። ባለቤቱ የት እንደሄደ ሳስብ ነው ያደግኩት።

መምህሬ ለመናገር ሲነሡ መነጽራቸውን የሚያወልቁ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ቢሯቸው አስጠርተው ሥራዬን ሰጡኝ።

"ትንሽ ሥራ ነው፤ ግን የራስሽ ይሁን" አሉ። "አንድ ዓይነት የባሕር ዓሣ ምረጪ። ሃያ ያህል አስመጪ። ሆዳቸውን ከፍተሽ ምን እንደበሉ ንገሪኝ።"

"እሺ" አልኩ፤ ማስታወሻዬ ላይ "እሺ" የምትለውን ራሱ ሳልጽፋት አልቀረሁም።

"በዓመቱ መጨረሻ ጅቡቲ፣ ባሕሩ ዳር ለአንድ ወር ለሚሠራው ጥናት የምወስደው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ሥራሽ ካማረ አንቺ ነሽ። ካላማረ ወደ ሐይቅ ዓሣ አዛውርሻለሁ። ሐይቅም ውኃ ነው፣ አይክፋሽ።"

እንዳይከፋኝ ሞከርኩ። ግን ወደ አቃቂ በሚወስደኝ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ስሄድ ባሕሩን ማየት አለማየቴ በሃያ ዓሦች ሆድ ውስጥ እንዳለ ብቻ ነበር የማስበው።

በባቡር ሰዎች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ከጅቡቲ እስከ ለገሃር በሐዲዱ ዳር የሚኖር የባቡር ቤተሰብ ዕቃ ይላላካል፤ መድኃኒት፣ ቴምር፣ የሠርግ ጫማ። ዕቃው ከጠባቂ ወደ ጠባቂ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይመጣል። ተቀባዩ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ "የማን ነው?" የማን እንደሆነ ከተነገረው በኋላ ዕቃውን እንደ ራሱ ይጠብቀዋል። ቢርበው ከእሱ አይበላም፤ ቢዘንብ ግን ኮቱን አውልቆ ያለብሰዋል።

አባቴ ከእንጨት ሣጥን ሠርቶ ውስጡን በቆርቆሮ ለበጠልኝ። እኔ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ ገልብጬ፣ ሰርዝ ድልዝ የሌለበት። የዓሣው ዓይነት በጅቡቲ ገበያ ቀይ ዓሣ የሚሉት፣ ቁጥሩ ሃያ፣ ቁመቱ ከስንዝር ያላነሰ፣ በረዶው ከላይም ከታችም፣ በሣጥኑ ዙሪያ ሰጋቱራ፣ ክዳኑ ጠበቅ ያለ። ያን ቅርፊት የሰጡኝ ፉርጎ ጠባቂ ጋሼ አሁን የሚጓዙት እስከ ድሬዳዋ ብቻ ስለሆነ ደብዳቤዬንና ሣጥኑን እዚያ ለጅቡቲው ባልደረባቸው አቀበሉልኝ። ሁሉን ነገር የጻፍኩ መስሎኝ ነበር።

ሣጥኑ የተመለሰው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። የጣቢያው ደወል ሲደወል እኔና አባቴ መድረኩ ላይ ቆመናል፤ ጎረቤታችን ደግሞ ዓሣ የምታጠና ሰው ምን እንደምትመስል ልታይ ባልዲዋን ይዛ መጥታለች። ባቡሩ ገባ። ጋሼ በካኪ ልብሳቸው ከመጨረሻው ፉርጎ ወረዱና ሣጥኑን እግሬ ሥር አስቀመጡት።

"እንኪ ልጄ! የባሕር ሙሽሮችሽን!" ብለው ክዳኑን ራሳቸው ከፈቱት።

ሃያ ቀያይ ዓሦች እግርና ራስ ሆነው ተደርድረዋል። ያምራሉ። ቅርፊታቸው ያብለጨልጫል፤ ሽታ የሚባል የለባቸውም። ሁሉም ከጉሮሮ እስከ ጭራ ሆዳቸው ተቀዷል፤ ውስጣቸው ታጥቧል፤ ጨው ተነስንሶባቸዋል።

"አዋሽ ስንደርስ በረዶው ግማሽ ሆኗል" አሉ ጋሼ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። "ሙቀቱ እቶን ነው። ዓሣን የሚያበላሸው ሆድ ዕቃው ነው፤ እኔ ስንት ዓመት አመላልሼዋለሁ። ባቡሩ ለምሳ ሲቆም ምሳዬን ትቼ ሃያውንም ጠረግኩልሽ። የእኛ ልጅ አስተማሪዋ ፊት የሚሸት ነገር ይዛ አትቀርብም!"

"ሆድ ዕቃውስ፣ ጋሼ?" አልኩ፤ ድምፄ ከሌላ ሰው የመጣ መሰለኝ።

"ለአባ ኮዳዎቹ ነዋ! ሠርግ ነበር የሆነላቸው።"

አባ ኮዳ የሚሉት ጉሮሮው ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ረጅም፣ መላጣ ወፍ ነው። በዚያች ሰዓት አዋሽ ላይ የቆሙት አባ ኮዳዎች ስለ ቀይ ዓሣ አመጋገብ ከእኔ ይልቅ ያውቁ ነበር።

የጋሼን ፊት አየሁ። ምሳቸውን ሳይበሉ የመጡ ሰው ናቸው። ጣታቸው ላይ የዓሣ እሾህ የቧጠጠው ሰንበር አለ። ዓሣ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ ለሌላው ሰው ሁሉ የዓሣ ሆድ ዕቃ ቆሻሻ መሆኑን ረስቼው ነበር፤ ደብዳቤዬ ውስጥ "ሆዱ አይነካ" የምትል አንዲት መሥመር አልነበረችም።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አልኩ። "በጣም ነው የሚያምሩት።"

ቤት ወስጄ ቁመታቸውንና ክብደታቸውን መዘገብኩ። ከዚያ በኋላ ለምንም እንደማይሆኑ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለእናቴ "ጨርሻለሁ" አልኳት። እናቴና ጎረቤታችን ዓሣ በረቡዕ ይበላል አይበላም በሚለው ጥቂት ተከራከሩ። በመጨረሻ እናቴ "ከቆየ ይበላሻል፣ ማበላሸት ደግሞ ኃጢአት ነው" ብላ ጠበሰችው፤ ጎረቤታችንም ሦስት በላች። ለጋሼ ቤት አራት ተላከ። ሰው ሁሉ ጣቱን እየላሰ መረቀኝ። እኔ አጥንት ስለቅም አመሸሁ።

ሥራውን ለማቅረብ ሦስት ሳምንት ቀርቶኝ ነበር። ሌላ ሣጥን ለማስላክ ለጋሼ ምን እንዳጠፉ መንገር ሊኖርብኝ ነው፤ እሱን አልቻልኩም። ለመምህሬ ዓሦቹ ባዶ ነበሩ ማለት ደግሞ ወደ ሐይቅ መሄድ ነው። ስለዚህ ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬን የሚያሞቀኝን ነገር አደረግኩ። ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ ላይ የዚያ ዓሣ ምግብ ተዘርዝሯል፤ ሽሪምፕ፣ ትናንሽ ሸርጣኖች፣ የደቃቅ ዓሦች አጥንት። በወረቀት ላይ ሃያ መሥመር አሰመርኩ። ለአንዱ ዓሣ ሸርጣን ሰጠሁት፣ ለአንዱ ሽሪምፕ። አሥራ ሰባተኛውን ሆዱ ባዶ አደረግኩት፤ እውነት እንዲመስል።

እሑድ ጠዋት ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በጥሩ እጅ ጽሕፈት ስገለብጥ አባቴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሥራዬን ማየት ይወዳል። የተጻፈበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ማንበብ አይችልም፤ ግን ረድፎቹን በጣቱ ይከተላል።

"እነዚህ ማን ናቸው?"

"ዓሦቹ ናቸው፣ አባባ። ይሄ ቁመታቸው ነው፣ ይሄ ክብደታቸው።"

"ይሄኛው ረድፍስ?"

"የበሉት ነው።"

"ማን የበላው?"

"ዓሦቹ።"

"የትኞቹ ዓሦች?"

ረድፉን በእጄ ሸፈንኩት።

"እኛ የበላናቸው?" አለ አባቴ። "እናትሽ ስትጠብስ አጠገቧ ነበርኩ እኮ። ሆዳቸው እንደ ወር መጨረሻ ኪሴ ነበር።"

ብዕሬን አስቀመጥኩና አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኩት፤ መምህሬ ያሉኝን፣ አንድ ተማሪ ብቻ እንደሚሄድ፣ ጋሼን ማሳፈር እንደከበደኝ። አባቴ አልተቆጣኝም። አባቴ በየማለዳው ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ ይዞ የሐዲዱን ብሎኖች እየመታ የሚሄድ ሰው ነው፤ የጠበቀው ብሎን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የላላው ድምፁ ይታፈናል። ዳር ሲደርስ መዝገብ ላይ ይፈርማል።

"አንድ ክረምት" አለኝ፣ "ዝናቡ ሲያባርረኝ ከድልድዩ ወዲያ ያለውን ሳልመታ ፈረምኩ። ከዚያ ወደ ቤት መሄድ አቃተኝ። ተመልሼ እንዳልመታው ባቡሩ ሊደርስ ነው፤ እስኪያልፍ ድልድዩ አጠገብ ዝናብ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ።"

"ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። በሰላም አለፈ። እኔ ግን ምሳዬን አልበላሁም፣ ራትም አልበላሁም። እናትሽ ወባ ነው ብላ መድኃኒት አጠጣችኝ።" ተነሣና ኮፍያውን አደረገ። "ነይ፣ ሰውዬው ዛሬ እረፍቱ ነው።"

ጋሼ በረንዳቸው ላይ ጫማቸውን እየቀቡ አገኘናቸው። ባለቤታቸው ምስር ይለቅማሉ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ እኔ አየ፤ እኔ ነኝ የምናገረው ማለት ነው። ከመሬት ዓይኔን ሳላነሳ ተናገርኩ። ጋሼ ብሩሹን በአየር ላይ እንደያዙ ቀሩ።

"ሆዱን ነው እንዴ የምትፈልጊው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ሰው ከጅቡቲ ድረስ ዓሣ አስመጥቶ... ሆድ ዕቃ ይፈልጋል?"

ባለቤታቸው ሳቃቸው ፈነዳ። "ሃያ ዓመት ሙሉ ዓሣ ስትጠርግልኝ ቆሻሻ ጣልኩ የምትለኝ፣ ለካስ ትምህርት ነበር የምትጥለው!"

"አንቺ ደግሞ ዝም በይ!" አሉ፤ ግን እሳቸውም መሳቅ ጀመሩ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቃቸው ጠፋና ጣታቸውን አዩ። "ቆይ፣ ቆይ። ይሄንን የቧጠጠኝ የዓሣ እሾህ መስሎሻል? ሸርጣን ነው፤ ጥፍሩ ነው። ሦስተኛው ዓሣ ሆድ ውስጥ ነበር። ሁለቱ ደግሞ እንደ ሩዝ የነጣ ነገር... ጻፊ እንጂ! ሁሉንም አስታውሰዋለሁ፣ ጻፊ!"

ማስታወሻዬ እጄ ላይ ነበር። ጋሼን ደስ ለማሰኘት ምን ያህል ልጽፍ እንደፈለግኩ እኔ ነኝ የማውቀው። "አልችልም፣ ጋሼ" አልኳቸው። "ከፍቼ ያየሁት እኔ መሆን አለብኝ።"

ትንሽ ቅር አላቸው። ቀጥለው ብሩሹን ወደ አባቴ ጠቆሙ። "ይቺ ልጅ አንተን ነው የምትመስለው። ሣጥኑን አምጣው።"

ሁለተኛው ሣጥን ሥራዬን ላቀርብ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ደረሰ። በሽቦ አራት ዙር ታስሯል። ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም፣ ፊደሉ እየወፈረ እንዲህ ተጽፎበታል፦ "አይከፈት! አይጸዳ! አይነካ! ቆሻሻው ይፈለጋል!" ይህን የጻፉት ጋሼ ናቸው። በየጣቢያው ሰው ሲጠይቃቸው ሲያስረዱ ድምፃቸው ዘግቶ ነበር።

ሽታው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ነው የወረደው። መድረኩ ላይ የነበሩ መንገደኞች አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ኋላ ሸሹ።

"እንግዲህ እንዳልሽው አልነካሁትም" አሉ ጋሼ። "አዋሽ ላይ ግን ልቤ እያለቀሰ ነው ያለፍኩት።"

ትክክል ነበሩ። አዋሽ ላይ የላዩ በረዶ አልቆ ዘጠኙ ዓሦች ሲነኩ የሚፈርሱ ሆነዋል። አሥራ አንዱ ግን ከታች፣ ከቀረው በረዶ ጋር ተጣብቀው ደህና ናቸው። ሽታው ቤት የሚያስገባ ስላልሆነ አባቴ ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር ሳንቃ ዘረጋልኝ፤ እናቴ የክር መቀሷን በአልኮል ጠርጋ አቀበለችኝ። ጋሼም ለገሃር ደርሰው ሲመለሱ ውጤቱ እንዲነገራቸው አደራ ብለው በባቡሩ ሄዱ።

የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ከሆዱ ውስጥ ከጥፍሬ የማይበልጥ፣ ሮዝ ቀለም ያለው የሸርጣን ጥፍር ወጣ። ነጭ ሳህን ላይ አስቀመጥኩትና ለረጅም ጊዜ አየሁት።

"ምን በላ?" አለች ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ።

"ሸርጣን።"

"ሸርጣን በላ!" ብላ ለቧንቧው ሰልፍ አስተላለፈች። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓሣ ከሰልፉ ጥያቄ ይመጣ ጀመር።

"ይሄኛውስ ምን በላ?"

"ሽሪምፕ።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የባሕር አንበጣ በይው፣ እትዬ።"

"ኤጭ! ይሄንን ነው እኔ ሦስት የበላሁት?"

አባቴ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አስሮ ከጎኔ ሆኖ ቁጥሩን ይጠራልኛል፤ እኔ አያለሁ፣ እጽፋለሁ። ዘጠነኛው ዓሣ ሆዱ ባዶ ነበር። ደጋግሜ ፈለግኩ፤ ምንም የለውም። "ባዶ" ብዬ ስጽፍ በዚያ በሐሰተኛው ወረቀት ላይ የፈጠርኩት አሥራ ሰባተኛው ዓሣ ትዝ አለኝና ብቻዬን አፈርኩ።

ወደ መምህሬ ቢሮ ሁለቱንም ወረቀት ይዤ ገባሁ። የአሥራ አንዱን አስቀድሜ ሰጠኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሃያ ተባብለን ነበር።"

ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ መጀመሪያው ሣጥን፣ ስለ ጋሼ፣ ስለ አባ ኮዳዎቹ። የፈጠርኩትንም ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት። ባላኖረው ይቀለኝ ነበር፤ ግን አባቴ ድልድዩ አጠገብ ዝናብ ላይ ቆሞ ይታየኝ ነበር። መምህሬ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ሃያውን መሥመር ቀስ ብለው አነበቡ።

"በጣም ያምራል" አሉ። "ዓሣ ግን እንዲህ ተሰልፎ አይበላም።"

ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሐይቅ፣ አልኩ በልቤ። ሐይቅም ውኃ ነው።

"ባቡሩ አዋሽ ላይ ምን ያህል ይቆማል?" አሉኝ።

"ሰው ምሳ በልቶ እስኪጨርስ።"

"እዚያ በረዶ ይገኛል?"

"ጣቢያው ምግብ ቤት ሳይኖር አይቀርም።"

አሥራ አንዱ ዓሦች ባሉበት ወረቀት ኅዳግ ላይ የጻፉትን አነበቡልኝ። "ጥፋቱ ሆድ ዕቃውን መጣሉም አይደለም፣ አለመጣሉም አይደለም። በረዶው አዋሽ ላይ መቀየር ነበረበት። በሚቀጥለው አንቺው ራስሽ ታስቀይሪያለሽ።"

"እኔ ራሴ?"

"ከጅቡቲ ዓሣ ይዘሽ ስትመለሺ ማን ሊያስቀይርልሽ ነው ታዲያ?" አሉ። "ሂጂ አሁን። ለዚያ ለጠባቂው ሰላምታዬን አድርሺልኝ።"

በዓመቱ መጨረሻ ወደ ጅቡቲ የሄድኩ ዕለት እናቴ ስንቅ፣ ጎረቤታችን ደግሞ ለባሕር ሽታ ይሆንሻል ብላ አንድ እስር ጤና አዳም ሰጡኝ። አባቴ ጣቢያው ላይ አልነበረም፤ የሥራ ሰዓቱ ነው። ባቡሩ ከአቃቂ ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ከሐዲዱ ፈንጠር ብሎ መዶሻውን ተመርኩዞ ቆሞ አየሁት። በመስኮቱ እጄን ሳውለበልብ መዶሻውን ከፍ አድርጎ ወደ ሐዲዱ ጠቆመ። መትቼዋለሁ፣ ጠብቋል ማለቱ ነው።

እኩለ ቀን ላይ አዋሽ ደረስን። ሙቀቱ በእርግጥ እቶን ነበር። ጋሼ ከፉርጎው ወርደው ምሳ ሳይሉ በቀጥታ ከጣቢያው ጀርባ ወሰዱኝ። ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።

"እዚህ ነው" አሉ፤ ዘመድ እንደሚያስተዋውቅ ሰው። "እዚህ ተቀምጬ ነው ያጠፋሁልሽ።"

ገና ሳይጨርሱ ሦስት አባ ኮዳዎች ከግራሩ ሥር ተነሥተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ እንዳጣመሩ ሽማግሌዎች እየተንጎራደዱ መጡና ከፊታችን ቆሙ። ጋሼን እያዩ ጠበቁ።

"አይ እነዚህ! ያውቁኛል" አሉ ጋሼ። "ዛሬ የለም! ባዶ እጄን ነው!"

ወፎቹ አልሄዱም። እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ማስታወሻዬን አወጣሁ። ጋሼ በትከሻዬ ላይ አጎነበሱ።

"ይሄንን እንኳ ጻፊው" አሉኝ። "ይሄን በዓይንሽ አይተሻል።"

"አዋሽ፣ እኩለ ቀን" ብዬ ጻፍኩ። "አባ ኮዳ፣ ሦስት። ሆዳቸው ባዶ ይመስላል።" ከዚያ "ይመስላል" የምትለውን አሰመርኩባትና፣ ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት በመመለሻዬ በረዶ ይኖር እንደሆነ ልጠይቅ ወደ ምግብ ቤቱ ሮጥኩ።